ተኝቶ መጾም

የካቲት 3
አባዬ እንደ ወትሮው ትኩስ ዳቦ በጃኬቱ ሥር ይዞ ገባ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ዳቦ ሲጋግር ነው የሚያድረው። እኔ ልወጣ፣ እሱ ሊተኛ... ዛሬ ግን እማዬ ክሊኒክ ወሰደችው። ስኳሩ ጫፍ ላይ ነው አሉ። ሐኪሟ፣ «ሆድዎን ይቀንሱ። መጋቢት መጨረሻ እንለካለን፤ ካልወረደ መድኃኒት ነው» አለችው።
አጎቴ ሃፍቶምም በዚሁ ነበር የጀመረው። አሁን በአንድ እግሩ ነው።
አባዬ ምን አለ? «ሁዳዴ እየመጣ አይደል? ጾሙ ራሱ ያከሳኛል።»
እሺ። እናያለን።

የካቲት 9
ጾም ገባ። እማዬ ለጎረቤታችን ለእትዬ አይናዲስ፦ «አብርሃ እኮ ሌሊቱን እሳት ዳር ቆሞ አድሮ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመሰም!»
«ወይ ጽናት!» እትዬ አይናዲስ እንባ ቀደማቸው።
እስከ ዘጠኝ ሰዓት የት ነበር ታዲያ? አልጋው ላይ። ሲያንኮራፋ። ማንም አልጠየቀም።

የካቲት 14
ዘጠኝ ሰዓት ሲነሣ ሽሮ። ከዚያ «ስጾም ውዬ» ብሎ ድጋሚ ሽሮ። ማታ ሊወጣ ሲል «በባዶ ሆድ ሥራ አይኬድም»... እንደገና።
አብሮት የሚጋግረውን ሚናስን ድልድዩ ጋ አገኘሁት።
«አባትሽ? መጀመሪያ የወጣውን ዳቦ እሱ ነው የሚቀምሰው። ጨው ለማየት።»
«ጨው ለማየት ስንት ጉርሻ ይበቃል?» አልኩት።
«ኧረ ሙሉውን ነው! ሻይም አለ። ስኳር ካልበዛበት እንቅልፍ ይጥለኛል ይላል።»
ሊነጋ ሲል ደግሞ ሌላ ዳቦ። ቀኑ ገና አልጀመረማ!
ሰው በጾም ይከሳል። የኔ አባት ይደልባል።

የካቲት 21
«ጋሼ፣ ይመዘኑ!» አለው መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የተቀመጠው ልጅ። አባዬ ውሻ እንዳየ ሰው መንገድ ተሻገረ።
ቤት ገብቶ ቀበቶው ላይ በምስማር ቀዳዳ ጨመረ። እማዬ የከሳ መስሏት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ቀዳዳው በጫፉ በኩል ነው... በሚሰፋው።
ልሥቅ ነበር። ከውጭ የአጎቴ ክራንች ኳ ኳ ሲል ሰማሁ። ተውኩት።

መጋቢት 1
የንስሐ አባታችን አባ ገብረክርስቶስ መጡ። እማዬ የባሏን ጽናት መተረክ ጀመረች። አላስቻለኝም።
«አባ፣ ተኝቶ የዋለ ሰው ጾመ ይባላል?»
«ዳናይት!» እማዬ አፈጠጠችብኝ።
አባ ሣቁ። ሣቁና ወደ አባዬ ዞሩ። «መቼ ነው የሚርብህ፣ አብርሃ?»
«ሌሊት ነው፣ አባ። ዳቦው ሲወጣ... ሽታው።»
«ታዲያ ጾምህ እዚያ ነው እንጂ አልጋህ ላይ ምን ይሠራል? ስትነሣ ብላ። ሳትወጣ ቀለል ያለ ነገር ቅመስ። ከዚያ እስኪነጋ ውኃ።»
አባዬ ወለሉን አየ። ከዚያ እኔን። «አንቺን ማን ጠየቀሽ?»
ማንም።

መጋቢት 5
ሚናስ፦ «ምን አስነካችሁት? ዳቦ ሲወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ቀማሽ እኔ ሆኜ ቀረሁ!»

መጋቢት 11
የአባዬ ኩርፊያ... የማታ ሳህኑን አየና፣ «ይቺ ለድመቷ ናት?»
እማዬ፦ «ሃፍቶምን ልጥራልህ?»
ሳህኑን ወደ ራሱ ስቦ በላ።

መጋቢት 25
ክሊኒክ አብሬው ሄድኩ። ወርዷል። ብዙ አይደለም፣ ግን ወርዷል። «መድኃኒቱ ይቆይ፣ እንዲሁ ይቀጥሉ» አለች ሐኪሟ።
ስንመለስ ሚዛኑ ጋ ማንም ሳይጠራው ቆመ። ጃኬቱን አወለቀ። ጫማውን። ቁልፉንና ስልኩን ለእኔ። «ካልሲም ይመዝናል እንዴ?» ልጁ በሣቅ ሞተ። አባዬ ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ አየ፣ ከዚያ ቀበቶውን ወደ ድሮው ቀዳዳ መለሰ። መንገድ ላይ! ሰው እያየው!
ጠዋት ያመጣውን ዳቦ እየበላሁ ነው የምጽፈው። ጨው በዝቶበታል። ቀማሹ ሚናስ ነዋ።
ለአባዬ አልነግረውም። «እስቲ እኔ ልየው» ይላል።