ምሳዬን እምቢ ያሉት ቤት ሠሪዎች

ልጄ ነጃት፣ የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ አባትሽን ግን ጉልበቱን አሁንም ያመዋል።

ማክሰኞ ለት፣ አቅም ለሌለው ሰው በርካሽ ቤት እንሠራለን የሚሉ የማኅበር ሰዎች ሮቢት ድረስ መጥተው ግቢያችንን መለካት ጀመሩ። ትርፍ አንፈልግም አሉ። ትርፍ የማይፈልግ ሰው ከኔ ግቢ ምን ይፈልጋል? ምሳ ባቀርብላቸው «ደንባችን አይፈቅድም፣ እማማ» ብለው መኪናቸው ውስጥ ዳቧቸውን በሉ። እኛ ጋ ቤት ሊሠራ የመጣ ሰው የባለቤቱን ማዕድ ሳይቀምስ ምሰሶ እንደማይተክል ታውቂያለሽ። መሬቴን ሊነጥቁኝ ነው ብዬ ሜትራቸውን ሳይጠቀልሉ አባረርኳቸው።

ጥለውት የሄዱት ወረቀት ላይ ፎቶሽን አይቼ ክው አልኩ። ይህን የሚጽፍልኝ መምህር እሱባለው «ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ናት» ብሎ አነበበልኝ። ከእናት መደበቅን ማን አስተማረሽ?

ሰዎቹን አሁንም አላመንኳቸውም። ቤቱንም እምቢ አላልኩም። ግን ቤት ሠሪ መጀመሪያ ይበላል። አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ልጄ፤ ነይና ምሳሽን ብዪ፣ ከዚያ ይለኩ።

እናትሽ ራቢዓ