አባባ ሳይመጡ የተለቀመ ኮክ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5
ዛሬም ሠላሳ ሁለት ኮክ ወደቀ። ቆጠርኩ። ግቢያችን ጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ይሸታል፣ ዝንቦቹም የሰከሩ ይመስላሉ። አያቴ አባባ ሆስፒታል ከገቡ ሁለት ሳምንት ሊሞላቸው ነው። ሲሄዱ "እኔ ሳልመጣ እንዳትነኩት" ብለዋል። በየዓመቱ የመጀመሪያውን እሳቸው ይቆርጡና ቤተክርስቲያን ይወስዳሉ፣ ከዚያ ነው እኛ አፍ የሚደርሰው። ስለዚህ እማማ፣ ሚስታቸው፣ ዛፉን እንደ ባንክ ቤት ዘበኛ ይጠብቃሉ። ኮኩን መልቀም ማለት አባባ አይመለሱም ማለት ነው። ይህን ግን ማንም በአፉ አይለውም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6
አክስቴ ጥሩነሽን ሐኪሙ ጠርቶ አናግሯታል። ምን እንዳላት አልነገረችንም። ቤት እንደገባች ባልዲ አወጣችና "ይለቀም" አለች። እማማ አልተከራከሩም። ይዘንባል አይዘንብም ብለው ግማሽ ቀን የሚሟገቱ ሴትዮ ዝም ሲሉ ያኔ ነው የፈራሁት።

ዛፉ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። በዚህ ቤት የሚሠራ ጉልበት ያለኝ እኔ ብቻ ነኛ። አምስት ባልዲ! ለጎረቤት በሳህን በሳህን አዞርኩ። ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ ኮክ ሰጥቼ ጎመን፣ ዱባ፣ አሁንም ጎመን ተሸክሜ ገባሁ። ክረምት ነው፣ የሁሉም ጓሮ ሞልቷል። በቃ፣ ችግራችን በዓይነት በዓይነት ሆነ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7
ማርማላታ። ድስቱ ከጠዋት ተጣደ። ፍልሰታ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም አይቀምስም። እኔም ጭምር (ዓይናቸው እኔ ላይ ነው)። አክስቴ በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ አለች። ስኳርና ጨው የምናስቀምጠው በአንድ ዓይነት የወተት ጣሳ ነው።

ዘጠኝ ሲሞላ እማማ አማትበው ቀመሱ። ፊታቸው ጭምድድ አለ። ጨው! ሁለት ባልዲ ሙሉ ኮክ። አክስቴ የሰይጣን ሥራ ነው አለች። ሰይጣንማ እዚህ ቤት ምን ሥራ ቀረው አልኩ፣ በሆዴ። እማማ ሳቁ፣ አባባ ከተኙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሲስቁ ሲስቁ ሳቁ ለቅሶ ሆነ። ማንኪያውን እንደያዙ ቁጭ አሉ።

የቀረውን በስኳር ሠራነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8
አንድ ጠርሙስ ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ቢለምናቸውም አባባ ከዘጠኝ በፊት እህል አይቀምሱም፤ ስለዚህ ጠበቅን። አክስቴ መንገድ ላይ አስጠንታናለች፤ ከአዲሱ ገበያ ገዛነው በሉ ብላ። አባባ ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይሄ የኔ ነው" አሉ።

አክስቴ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"ማነው የወጣው?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

"ቅርንጫፍ ሰበርሽ?"

"ሁለት።"

"ይሁን።"

እጄን ያዙ፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አክስቴ ተመስገን አልተቆጡም እያለች ደስ ብሏታል። አምና አንድ ለጋ ቅጠል ስለቀነጠስኩ ሳምንት ሙሉ ሲወርዱብኝ የነበሩ ሰውዬ ናቸው።

ምነው በሰደቡኝ።