ከፕሮፔለሩ ጎን ስለተቀመጠው ወንድሜ

ለተከበሩ የሰማይ ጥላ የአገር ውስጥ በረራ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ካዛንቺስ

ለክቡርነትዎ ሰላምና ጤና እንዲበዛልዎ፣ በተለይም ሁለቱም እጆችዎ ከነጣቶቻቸው ደህና እንዲሆኑልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ኡራኤል አካባቢ ጨርቅ የምሸጠው ሳዲያ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በታላቅ አክብሮት ነው።

ባለፈው ወር ልብስ ሰፊ ከሆነው ታናሽ ወንድሜ ከጠልሐ ጋር ለአክስታችን ልጅ ሠርግ ወደ ኮምቦልቻ ስንሳፈር፣ ድርጅትዎ ልክ ከፕሮፔለሩ ትይዩ ያለውን ወንበር ስለሰጠን በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ከቦሌ እንደተነሳን ወለሉ እግራችንን ይደበድበን ጀመር። ጥርሳችን ተንገጫገጨ። የጣሪያው መሸፈኛ ተላቆ ከፊታችን የተቀመጡትን አዛውንት ፈነከታቸው። ጠልሐ አስተናጋጇን ጠርቶ፣ «እህቴ፣ ይሄ ነገር ጤነኛ ነው? ሊገነጠል እኮ ነው!» ቢላት፣ «ፕሮፔለር አይደል? ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ይለምዱታል» አለችው። እሷን አልወቅስም፤ የተባለችውን ስትናገር ከንፈሯ ገርጥቶ ነበር።

ለመልመድ ግን ጊዜ አላገኘንም። ከፕሮፔለሩ ስለቶች አንዱ ተሰብሮ ግድግዳውን በርቅሶ ገባና የወንድሜን ቀኝ እጅ ከመደገፊያው ጋር ጨፈለቀው። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። ሻሼን ፈትቼ ክንዱን ጠፍሬ ሳስር፣ «ሳዲያ፣ ጣቶቼ አሉ?» እያለ ይጮህ ነበር። «አሉ» አልኩት። አልነበሩም። አብራሪው፣ አላህ ይስጠውና፣ ሞተሩን አጥፍቶ ቦሌ መለሰን፤ ሐኪሞች ግን እጁን ከክርኑ በታች ቆረጡት።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ፦

አንደኛ፣ ከእኛ በፊት የተሳፈሩ መንገደኞች ስለዚሁ ንዝረት አቤት ሲሉ አውሮፕላኑን ከማስፈተሽ ይልቅ ማስቲካ እንዲታደላቸው ማዘዝዎ።

ሁለተኛ፣ ወንድሜ ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ «ለገጠመዎ መጠነኛ የምቾት መጓደል ይቅርታ» የሚል ወረቀት ከአንገት ትራስ ጋር መላክዎ። ትራሱ ለስላሳ ነው። ጠልሐ በቀረችው እጁ ቀዳዶ ጥጡን መሬት ላይ ዘራው፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሦስተኛ፣ ይህንኑ ፊት ለፊት ልነግርዎ ቢሮዎ ድረስ ስመጣ አላገኝም ማለትዎ። ጸሐፊዎ ወይዘሮ ጀማነሽ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያሉኝ ከበሩ ጀርባ ሳቅዎን ሰማሁ። የእንግዳ መቀበያዎን መስታወት በወንበር ያደቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ጣቢያ አድሬበታለሁ፣ አልጸጸትም። እባክዎ መጠነኛ የምቾት መጓደል ብለው ይያዙልኝ። አውሮፕላኑ እስኪመረመር ከመሬት እንዳይነሳ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት ብያለሁ፤ መዝገቡም ተከፍቷል።

በክቡርነትዎ ትዕግሥት ሳይሆን በወንድሜ ትዕግሥት እየተገረምኩ፣ እጅ የምነሳ፣
ሳዲያ፣ የጠልሐ እህት

ማስታወሻ፦ እኛ በተሳፈርንበት ሳምንት ክቡርነትዎ ለሥራ ጉብኝት ኮምቦልቻ ደርሰው እንደነበር ሾፌርዎ አጫወተኝ። ሌሊቱን ሙሉ በመኪና መጓዝ እንደሚያደክም አውቃለሁና፣ እንኳን በሰላም ገቡ።