በፈረንሳይኛ «አልገባኝም» ማለትን ስላስተማሩን

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ሙሴ ባኩም፤
ዦአል፣ ሴኔጋል

ክቡርነትዎ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና እንድትሰነብቱ፣ ሐሙስ ዕለት የተዘጋው ድምፅዎም ቶሎ እንዲከፈት ዓሣ በጭስ የምናደርቅ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እንመኛለን። ከምስጋናችን በፊት ግን ጥቂት ቅሬታ አለን።

፩ኛ. አምና በወላጆች ስብሰባ ላይ «ሙሴ፣ በቋንቋችን በወሎፍ ቢነግሩን ምናለበት?» ብዬ ብጠይቅዎ፣ «እመቤቴ፣ የስብሰባ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው፤ መናገር የፈለገ ይማር» ብለው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስላከበሩኝ፣ ለሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። የዓሣ ዋጋ ሲከራከሩን ግን ወሎፍዎ አይጣል ነው።

፪ኛ. ትእዛዝዎን አክብረን ተማርን። የሦስተኛ ክፍሏ ልጄ ሶክና ከደብተሯ እያነበበችልን፣ እኛም ዓሣውን እያገላበጥን «ዠ ኔ ፓ ኮምፕሪ»ን፣ ማለትም «አልገባኝም»ን አጠናን። «መጸዳጃ ቤት መሄድ እችላለሁ?» የሚለውንም ጨመረችልን። ጎረቤቴ ያንዴ ፋይ ምላሷ አልታዘዝ ሲላት «በስልሳ ዓመቴ እንደ ወፍ ልንጫጫ?» እያለች አሳቀችን።

፫ኛ. ሐሙስ ዕለት አጀንዳውን አንበልብለው እጅ አውጡ ሲሉን፣ ያንዴ ተነሥታ «ዠ ኔ ፓ ኮምፕሪ» አለች። ደገሙልን። እኔ ተነሣሁ፤ ደገሙልን። ሠላሳ አንድ ሴቶች ተራ ይዘን ነበር፤ አሥራ ሰባተኛዋ ላይ ላብዎን እየጠረጉ፣ በጠራ ወሎፍ «እናቶቼ፣ በአላህ! የሴት ልጆቹን መጸዳጃ ቤት የዕቃ መጋዘን እናድርገው ነው የምላችሁ!» ብለው ጮኹ።

እስከዛሬ ሳይገባን እጅ አውጥተን ምን ምን አጽድቀን ይሆን ብዬ ደነገጥሁ። የያንዴ የልጅ ልጅ ትምህርቷን ያቋረጠችው ያ መጸዳጃ ቤት ሳይሠራ በፊት፣ ቀኑን ሙሉ መቻል ቢያቅታት ነው። ያንዴ ምንም ሳትንተባተብ «ዠ ሱዊ ኮንትር!» አለች፤ እቃወማለሁ ማለቷ ነው፤ ለካ ከሶክና ለብቻዋ ተምራው ኖሯል። እጇን አወጣች፤ ሠላሳ እጅ ተከተላት። መጸዳጃ ቤቱም ለልጆቹ ቀረ።

አሥራ ሰባት ጊዜ ሳይሰለቹ ስላስረዱን ውለታዎን አንረሳም።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የፊተኛውን ወንበር ከወዲሁ የያዙ ታዛዥ ተማሪዎችዎ፤
ንዱምቤ ሳር፣ በሁሉም ስም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት በር ላይ የለጠፉትን የፈረንሳይኛ ማስታወቂያ በደስታ አነበብነው። ሁለት የፊደል ስሕተት ስላገኘችበት ሶክና በቀይ እስክሪብቶ አርማልዎታለች፤ ከአሥር ስድስት ሰጥታ «ጎበዝ፣ በርታ» ብላዎታለች።