ሰው ሲሳፈር ብቻ የሚጮኸው ደወል

ጎርጎራ፣ ጥር ፲፬፣ ጧት
ዛሬም የሞተሩ ደወል ጮኸ። ዘይቱን አየሁ፤ ሙሉ ነው። ማራገቢያው ይዞራል። ደወሉን ፈትቼ ገጠምሁ። ከዚያ የመርከቡ ነጂ አያ ታከለና እኔ ብቻችንን እስከ ሐይቁ መኻል ወጥተን ተመለስን፤ ደወሉ ጭጭ። እንደ ሞኝ ተያየን።

ጣሊያን ጥሎት የሄደው አሮጌ ሞተር በውሃ ነበር የሚበርደው። እኔ የገጠምሁት ይኼ አዲሱ የናፍጣ ሞተር በነፋስ ነው። ከመጠን በላይ ሲግል ደወሉ ይጮኻል። መንገደኛ ሲሳፈር ይጮኻል፤ ሲወርድ ዝም። ደብተሬ፣ ይኼን የመሰለ አመለኛ አይቼ አላውቅም።

ጥር ፲፮
ክብደት ይሆናል ብዬ መርከቡን በጤፍ ጆንያ አስሞላሁ። ደወሉ ሳይጮኽ ሸጋ ሄደ። ክብደት አይደለም።

ባለ መርከቡ ባላምባራስ መጡ። የደወሉን ሽቦ ቁረጠው አሉኝ። ለአስተርእዮ ማርያም ወደ ደሴቲቱ ቤ/ክ የሚሻገረው ተሳላሚ በጩኸቱ እንዳይደነግጥ። ደወሉን ዝም ማሰኘት ቀላል ነው፤ ግለቱ ግን ዝም አይልም። ሞተሩ ሐይቅ መኻል ተቃጥሎ ቢቆም፣ ያ ሁሉ ሴትና ሽማግሌ ማዕበል ላይ... ፈራሁ።

ጥር ፲፰፣ ከቀትር በኋላ
አገኘሁት! የገበያ ቀን ነው። ለአያ ታከለ ሳልነግር ከገበያተኛው ጋር ተጋፍቼ ተሳፈርሁ። ደወሉ ሲጮኽ ወደ ታች ወረድሁ። ሞተሩ የለም። ማለቴ አይታይም። ማራገቢያው ሳይቀር በወፍራም ቡልኮ ተሸፍኗል። ገፍፌ ጣልሁት። ጥቂት ቆይቶ ደወሉ ዝም አለ።

ቡልኮው የአያ ታከለ ነው። አሮጌውን ሞተር የሰው ዓይን በላው ባይ ነው፤ አዲሱንም እንዳይበሉበት መንገደኛ ሲሳፈር ይሸፍነዋል። እኔ ስመጣ ግን ቀድሞ ያነሳዋል። ምነው ሳትነግረኝ? አልሁት። መሬት መሬት እያየ፣ "የቀጥቃጭ ልጅ ነህ፤ አንተን የጠረጠርሁ እንዳይመስልህ አፍሬ ነው" አለኝ።

ተናደድሁ። ጥዬው ወደ ላይ ወጣሁ።

ጥር ፲፱
ንዴቴ በረደ። አባቴ ማረሻ ይቀጠቅጥ ነበር፤ ባገራችን ደግሞ ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው ይባላል። ልጅ ሆኜ ሰው ቤት ስገባ ምግቡ ቶሎ ይከደን ነበር፤ ምክንያቱን የሚነግረኝ አልነበረም። አያ ታከለ ግን ለእኔ ሲል ሞተሩን ገለጠ። ይኸው ደግነቱ የግለቱን ምክንያት ሰውሮብኝ ሞተሩን ሊያቃጥልብን ነበር። ልውደደው ወይስ ልቀየመው? ሁለቱም አለብኝ። እኔም ብሆን የሰው ዓይን የሚባል ነገር የለም ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

ጥር ፳፣ ጧት
ተሳላሚው ወደቡን ሞልቶታል። አያ ታከለ ሳይሸፍን ሊነዳ እሺ አለ፤ ቡልኮውን ግን ከጎኑ አላራቀም። ባላምባራስ ሽቦው ተቆረጠ ወይ ብለው ላኩብኝ። አልተቆረጠም፤ አይቆረጥም አልሁ። ይቆጡ።

እናቴ ለንግሡ ከጎንደር መጥታለች። እኔ ልሻገር፣ አንተ ግን ቅር አለችኝ። አንዲት ብሎን ብትላላ እንኳ የቀጥቃጩ ልጅ ዓይን ነው ይሉሃል ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነው። ይሉኛል።

ብቀር ግን አያ ታከለ ከፍርሃቱ ጋር ብቻውን ነው። ሐይቁ መኻል ሲደርስ መልሶ ይሸፍነዋል። አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ወሰንሁ። እሳፈራለሁ። ሞተሩ አጠገብ፣ ሁሉም በሚያየኝ ቦታ እቀመጣለሁ። ማነህ የሚለኝ ካለም ስሜን ከነአባቴ ሥራ እነግረዋለሁ።