ከፒተርስበርግ ቪየና በአምስት ቀን

ማክሰኞ፣ ሜይ 14

ሦስተኛውን ምዕራፍ ጨረስኩ። ኡፍ!

ከሰዓት አተር ስፈለፍል ዋልኩ። ባሌ ኤጂዲዮ ግማሹን በጥሬው በላው። "እህ፣ ደብዳቤዎችሽ ደረሱ?" ይለኛል። ዕለት ዕለት ይቺው ቀልድ። እንዴት ይድረሱ? መመረቂያ ጽሑፌ ራሱ ዘግይተው ስለሚደርሱ ደብዳቤዎች ነው፤ በጣሊያን፣ በኦስትሪያና በሩሲያ ልቦለዶች ውስጥ። ዕድሜ ልኬን በሞተር ሳይክል ፖስታ ሳድል ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ በስልሳ ሁለት ዓመቴ ማስተርስ... አሁንም ደብዳቤ! ሌላ ነገር አላውቅም መሰለኝ።

ይሄኛው ምዕራፍ ግን ደስ ብሎኛል። በሩሲያው ልቦለድ ሴትየዋ ከፒተርስበርግ ማርች 3 ትጽፋለች። "ና፤ አለዚያ ይድሩኛል" ነው የምትለው። ደብዳቤው ቪየና ላለው ሰውዬ የሚደርሰው ማርች 20። አሥራ ሰባት ቀን! መልስ ሳታገኝ ቀረች። ፍቅራቸውን የገደለው መንገዱ ነው ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ፕሮፌሰር በርታዞም "የጽሑፍዎ ልብ ይሄ ነው፣ ኒቬስ" ብለውኛል።

ቅዳሜ፣ ሜይ 18

የክፍል ጓደኞቼን እራት ጠራሁ። ኢላሪያና ሌሎች ሦስት፤ ሁሉም ልጆቼ ቢሆኑ የሚያንሱ። "እትዬ ኒቬስ" ነው የሚሉኝ። የበቆሎ ገንፎውን ኤጂዲዮ ራሱ አገነፋ። ሁለት ጊዜ አስጨመሩ፤ ደስ ብሎት ነበር።

ከዚያ ወሬው ስለ ድንበርና ስለ መንገድ ሆነ። እሱ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት በፖስታ ባቡር ውስጥ ደብዳቤ ሲለይ የኖረ ሰው... በኦስትሪያ ድንበር ያለውን የብሬነርን ተራራ በረዶ ጀመረ። ረዘመ። ልጆቹ ይሰማሉ፣ እኔ ግን አፈርኩ። "ኤጂዲዮ፣ በቃ። ይሄ ሌላ ነገር ነው፤ አይገባህም።"

ተነሳ። ሳህኖቹን ሰብስቦ ወደ ጓዳ ገባ። አልተመለሰም።

ምን ነካኝ?

ሰኞ፣ ሜይ 20

ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ነገ።

እሑድ፣ ጁን 2

ኢላሪያ ደወለች። ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ለምከላከልበት ለዲፌንሱ ቀን ለስንት ሰው ቦታ እንያዝ? ብላ። ኤጂዲዮን ጠየቅኩት።

"እኔ? እዚያ ምን እሠራለሁ? አይገባኝም።"

በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በለሆሳስ ነው ያለው። የገዛ ቃሌን መለሰልኝ... አንጀቴን በላው። አሁንስ ለምን ዝም አልኩ? አፌን ምን ያዘው?

ሰኞ፣ ጁን 3

ከገበያ ስመለስ ጽሑፌን ሲያነብ አገኘሁት። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ፣ ጣቱ መስመሩ ላይ። አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆመው። ሲያየኝ ደነገጠ።

"ይሄ አሥራ ሰባት ቀን ከየት መጣ?"

"ከመጽሐፉ ነዋ።"

"በባቡር ነው የላከችው?"

"በባቡር ነው።"

"እንግዲያው ሦስት ቀን ነው። በረዶ ቢዘጋው አምስት። አሥራ ሰባት ቀን ምን ሆኖ? ደብዳቤው በእግሩ ነው የመጣው?"

"ልቦለድ እኮ ነው፣ ኤጂዲዮ!"

"ይሁና! ባቡር ግን ባቡር ነው።" ሰላጣውን ውሃ ሊያጠጣ ወጣ።

አናደደኝ። ግን... አሥራ ሰባት ቀን?

ማክሰኞ፣ ጁን 4

ቤተ መጻሕፍቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። መልሱን ለማግኘት ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ልቦለዱ በተጻፈበት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሩሲያ በአሮጌው አቆጣጠር ነበረች፤ ከእኛ አሥራ ሁለት ቀን ወደ ኋላ። የሷ ማርች 3 ለቪየና ማርች 15 ነው። ማርች 20 ደረሰ።

አምስት ቀን!

ውሃ ሆንኩ። አገር ከአገር አነጻጽራለሁ ስል የሁለቱን አገር ቀን አላነጻጸርኩም! ፕሮፌሰሯም አላዩትም። እንግዲህ ደብዳቤው አልዘገየም። በጊዜው ደርሶታል። አንብቦታል። አንብቦ ዝም አለ እንጂ። መንገዱ ምን አደረገ? ምዕራፉ እንዳለ ገደል ገባ፤ ለማስረከብ አሥር ቀን ቀርቶኛል።

በአውቶቡስ ስመለስ ግን የማስበው ምዕራፉን አልነበረም። አንብቦ ዝም ያለውን ሰው ነበር።

ኤጂዲዮ ወጥ ቤት አርቲቾክ ይልጣል፤ ያን እጅ የሚያጠቁር አትክልት። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ "አምስት ቀን ነው" አልኩት።

"አላልኩሽም?"

"ያን ዕለት በሰው ፊት... ይቅር በለኝ። ያልገባኝ እኔ ነኝ።"

መላጡን አላቆመም። "ከዚያ ቅዳሜ እስከ ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አሥራ ሰባት። የሷ አይደለም፤ ያንቺ ነው የዘገየው።"

አለቀስኩ። እሱ ደሞ በዚያ በጠቆረ እጁ ጉንጬን ጠረገኝ፤ ጭራሽ አጠቆረኝ።

ዓርብ፣ ጁን 14

አስረከብኩ። ምዕራፉን ከሥሩ ጻፍኩት። የግርጌ ማስታወሻ ጨምሬበታለሁ፦ ስህተቱን ያገኘው ኤጂዲዮ ስካራቤሎ፣ የፖስታ ባቡር ሠራተኛ። ለሱ አላሳየሁትም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 4

ሳምንት ቀረኝ። የክፍል ልጆቹ የኔንም የስድብ ግጥም ሊሠሩልኝ ነው! መቼም ከፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሳይሰደብ የሚወጣ የለም፤ ጉድሽን በግጥም ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና መንገድ ላይ ጮክ ብለሽ አንብቢ ይሉሻል። ስትሳሳቺ ጠጪ! ለአሮጊት አይሠሩም ብዬ ነበር... ኤጂዲዮ ስልክ ይዞ ጓሮ ይገባል፣ ብቻውን ይስቃል። አንድ ነገር አለ።

"ትመጣለህ?" አልኩት ዛሬም።

"ሱፌ ጠቦኛል።"

ይቅር ብሎኛል፤ አውቃለሁ። ግን እዚያ ከነሱ ጋር መቀመጥ ይፈራል። ያስፈራሁት እኔ ነኝ። እሱ ከሌለ ምን ምርቃት ነው?

ሐሙስ፣ ጁላይ 11

ጠዋት "ዓሣ ላጠምድ ነው" ብሎ ወጣ። ብቻዬን በአውቶቡስ ሄድኩ። ከፍቶኝ።

ሦስት ፈታኞች። አንደኛው፣ ነጭ ጢም ያላቸው፣ "ይህን የቀን ነገር እንዴት ደረሱበት? እኛ ሁሉ አልፈነዋል" አሉኝ።

"እኔ አይደለሁም። ባለቤቴ ነው።"

"እዚህ አሉ?"

የለም ልል አፌን ስከፍት ከኋላ "አለሁ!" አለ አንድ ድምፅ።

ኤጂዲዮ! በሩ ሥር፣ ያ ሱፍ አልቆለፍ ብሎት በእጁ ይዞት፤ ኢላሪያ አጠገቡ ትስቃለች። ለካ በመኪናዋ አምጥታዋለች። "እስቲ ይንገሩን" አሉት። ቆሞ ተናገረ፤ ስለ ብሬነር፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ከረጢቶቹ፣ አንድም ሳያስቀር። ፈታኞቹ ይጽፋሉ! እኔ ፊታቸው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቅሳለሁ።

መቶ አሥር ከመቶ አሥር ሰጡኝ።

ውጪ የተመራቂ የሎሬል ቅጠል አክሊሉን ራሴ ላይ ያደረገልኝ እሱ ነው፤ አጣሞ። ግጥሙን ሳነብ ጉድ ፈላ! ከሞተር ሳይክል ወድቄ የቄሱ ዝይዎች ያባረሩኝን ሳይቀር... "ይሄን ማን ነገራችሁ?" ስል ኤጂዲዮ ሰማይ ሰማይ ያያል። ስንቴ እንዳጠጡኝ እንጃ።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ክንዴን ነካ አደረገኝ። "ያቺ ሴት ግን... መጨረሻዋ ምን ሆነ? እኔ እኮ ያየሁት ቀኖቹን ብቻ ነው።"

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። መውረጃችንን አልፈን ሄድን።