የዳሌሽ ኳስና የጠየቅሽኝ መሐላ

ለእናቴ፣

ሌላው ሁሉ ይቆየንና በመጀመሪያ እግርሽ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይሰጥሻል? ከመኝታሽ ስትነሺ አሁንም ግድግዳውን ተደግፈሽ ነው? ይህን ከጠየቅኩ በኋላ ሰላምታዬን ተቀበይኝ። እንዴት ከረምሽ? ደም ግፊትሽስ፣ ዓይንሽስ? እህትሽ እትዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። በልቼ አድራለሁ፤ ሥራዬም እንደ ሁልጊዜው መስበር ነው።

ወንድሜ፣ ያ «ዜና አንባቢው»፣ ደውሎ ነገሩን ሁሉ ዘርዝሮልኛል። ሐኪሙ የዳሌሽ መጋጠሚያ አልቋል፣ በሰው ሠራሽ ካልተተካ ብዙም ሳይቆይ ከወንበር መነሳት ያቅትሻል ብሎ ቀጠሮ ሰጥቶሻል። አንቺ ደግሞ በመጋጠሚያው ቦታ የሚገባልሽ ኳስ ከሴራሚክ የተሠራ መሆኑን ስትሰሚ «ልጄ ቀኑን ሙሉ ስትሰብረው የምትውለውን ነው እኔ ውስጥ የምትከቱት?» ብለሽው ወጥተሻል። ወንድሜ ኳሱ ማሽን ላይ ሲፈነዳ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ለጎረቤት ሁሉ ሲያሳይ መክረሙ ሳያንስ፣ ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋም ሴራሚክማ የመታጠቢያ ቤት ወለል ነው ብላ ነገሩን አጽንታልሻለች። በመጨረሻ የላክሽብኝ ቃል አጭር ነው፦ «አይሰበርም ብላ ትማልልኝ፤ ያን ጊዜ ኦፕራሲዮን እገባለሁ።»

በስልክ ብነግርሽ ወንድሜ መሃል እየገባ ስለሚያበላሸው መጻፍ መረጥኩ። እትዬ ታንብብልሽ፤ እሷ አትጨምርም፣ አትቀንስም።

ኳሱ ሲጀመር ነጭ ዱቄት ነው፤ ልስላሴው ፊት ላይ የሚቀቡትን ፓውደር ይመስላል። ዱቄቱ በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ እቶን ይገባል። የእቶኑ ሙቀት ብረት ያቀልጣል፤ እዚያ ውስጥ ዱቄቱ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል፣ ከገባበትም መጠን አንሶ ይወጣል። ከዚያ በአልማዝ ይሞረዳል፣ ይወለወላል፣ የሎሚ ያህል ሆኖ ፊት እስኪያሳይ ድረስ። ከመታጠቢያ ቤት ወለል ጋር ዘመድ ነው፣ ልብስ ሰፊዋ አልተሳሳተችም። ግን ዘመድ ሁሉ ጠባዩ አንድ ነው እንዴ? የአባቴን ወንድሞች እኮ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያቸዋለሽ።

ሐሙስ ሐሙስ የትምህርት ቤት ተማሪዎች ከሳይንስ አስተማሪያቸው ጋር ይጎበኙናል። ሁለት ቀጫጭን የመስታወት ዘንጎች እሰጣቸዋለሁ። አንዱን ሲያጎብጡት ይጎብጥላቸዋል፤ መስታወት መጉበጡንም ማመን ያቅታቸዋል። ሌላውን ግን ቀደም ብዬ በሞረድ ጫር አድርጌዋለሁና ገና ከመንካታቸው ቀጭ ይላል። ጭረቱን ካላሳየኋቸው አያዩትም። መስታወትም ሆነ ሴራሚክ የሚሰበረው ባብዛኛው እንዲህ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይኖርበታል፣ ክብደቱ ሲያርፍበት ስንጥቁ ይሮጣል። አንቺስ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ስትዪን ከዚህ ሌላ ምን አስተማርሽን? እኔ የጨመርኩበት ማሽኑን ብቻ ነው።

ሥራዬ እንግዲህ ያንን ስንጥቅ ማደን ነው። ከአንድ እቶን ከወጡት ኳሶች ጥቂቶቹን አቅማቸውን ለማወቅ እስኪፈነዱ ድረስ እጫናቸዋለሁ። እነሱ ወደ ሰው አይሄዱም፤ ስባሪያቸው ተጠርጎ ይጣላል። ቪዲዮው ላይ ያየሻቸው እነዚያን ነው። ወደ ሰው የሚሄዱትም ቢሆኑ ዝም ብለው አይሄዱም። እያንዳንዳቸው ሰው ቆሞ ሄዶ ከሚያሳርፍባቸው በላይ ይጫንባቸዋል፣ የተደበቀ ስንጥቅ ያለበትም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይጋለጣል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኛ ደሞዝ የሚከፈለን ለመጠርጠር ነው።

ነገርሽን ለአለቃዬ አጫወትኩት። ይህ ሰው ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ሻይ ሊጠጣ ሲል እንኳ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አዙሮ ስንጥቅ ይፈልግበታል። ከሁሉ አስቀድሞ ኪሎሽን ጠየቀኝ። ሞላ ያለች ናት አልኩት፣ ይቅርታሽን። ሒሳቡን ሠራና ኳሱ ጭነቱን የሞላ መኪና ቢቆምበት ይችላል አለኝ። ደግሞም ሳይደብቅ፣ ከብዙ ሺህ አንዱ ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ ተሰብሮ እንደሚያውቅ፣ ያን ጊዜም እንደገና ተከፍቶ እንደሚተካ፣ ሥቃዩም ቀላል እንዳልሆነ ነገረኝ። ይህንንም የምጽፍልሽ ኋላ ከሌላ ሰው ሰምተሽ እንዳትቀየሚኝ ነው። እናቴ ማይልኝ ብላኛለች ስለው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«የኔ እናት ብትሆን ነገውኑ አስገባላት ነበር፤ ማልልኝ ካለችኝ ግን አልምልም» አለ። «የማይሰበር የሚባል ነገር የለም፤ ገና ያልተሰበረ አለ እንጂ።»

ስለዚህ እማዬ፣ እኔም አልምልልሽም። ወንድሜ ቢሆን ምሎ ይገላግልሽ ነበር፣ እሱ እንደሆነ ጠዋት ማታ ይምላል። እኔ የማውቀውን ያህል ነግሬሻለሁ። የማላውቀውን ባውቀው እመኝ ነበር። ያ ባለፈው ወንድሜ የላከልኝ ፎቶ ግን፣ አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ሰው ውሃ ሲያቀብልሽ የተነሳው፣ አስፈርቶኛል። አንቺ ተቀምጠሽ ሌላው ሲያቀብልሽ አይቼ አላውቅም። ኳስ ሲፈነዳ ቀን በቀን አያለሁ፣ አልደነግጥም፤ ያንን ወንበር ግን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

ለእትዬ ጉልበቷን ስሜልሻለሁ በይልኝ፣ እስካሁን ያነበበችበትን ድምፅዋንም አመስግኛለሁ። ወንድሜም ቪዲዮውን ያጥፋ፤ ይህም ትእዛዝ ነው። ሚስቱን ሰላም በይልኝ፣ አንቺን ደግፋ ስለምታስነሳ ውለታዋ አለብኝ። ለልብስ ሰፊዋም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ኳሱና ወለሉ ዘመዳሞች መሆናቸውን ማወቋ ራሱ ቀላል አይደለም።

ለቀጠሮሽ ቀን ፈቃድ ተሰጥቶኛል። ብትገቢም ባትገቢም እመጣለሁ፣ ብትገቢ ግን ስትነቂ አጠገብሽ ታገኚኛለሽ። መሐላውን ብቻ ተይኝ። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የማውቀው መሐላ አንድ ነው፤ «እናቴ ትሙት» ነው። እሱን አሁን በምን አፌ ልበልልሽ?

ልጅሽ

ከኳስ መፈተሻው ክፍል
ጥቅምት 23 ቀን